የተጣፈው ስልቻ

መተማ፣ ረቡዕ ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለምወድህና ለተናደድኩብህ ባሌ ለደምለው፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ዋናውን ላስቀድም። የጣልያን ጦር ነገ ሐሙስ ከዚህ ተነሥቶ፣ ቅዳሜ ሊነጋ ሲል አንገረብ ዳር ያለውን ሰፈራችሁን ሊከብ ነው። መንገዱን የሚያውቅ መሪም አግኝተዋል። ይህ እንደደረሰህ ቦታውን ልቀቁ።

የሰማሁት ምግብ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው። መኮንኖቹ ይበላሉ፣ አስተርጓሚያቸው ከመሪው ጋር ባማርኛ ይማከራል፣ እኔ ከጠረጴዛው ሥር የፈሰሰ ወይን እወለውላለሁ። እግርዎን ያንሡ ስላቸው ያነሣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መሆኔን ይረሱታል።

ወረቀቱ ገና ስላላለቀ አሁን የሆዴን ልናገር።

ባለፈው በሶ ሞልቼ የላክሁልህ ስልቻ ጎኑ ሳስቶ ነበር። ባዶውን ስትመልስልኝ እጥፈዋለሁ ብዬ ነበር። መልእክተኛችን ኸሊል ሲያመጣልኝ ግን ተጥፎ መጣ። በቀጭን ጅማት፣ ውኃ የማያሳልፍ ስፌት። አንተን መርፌ ስትይዝ አውቅሃለሁ፤ ከቆዳው ይልቅ ጣትህን ነው የምትሰፋው። እኛ ዘንድ ለዘመተ ሰው ስንቅ የምትሰንቅ፣ ስልቻውን የምትጥፍ ሚስቱ ናት። ሌላ ሴት ከጣፈችው አገር ምን እንደሚል አንተም ታውቃለህ።

ኸሊልን ማን ጣፈው ብዬ ያዝኩት። ጥምጣሙን እያስተካከለ፣ «ወላሂ፣ እህቴ አየሁሽ፣ እኔ የጨው ነጋዴ ነኝ፤ የስፌት ነገር ምን አውቄ» አለኝ። መውጫ ሳሳጣው፣ «ታይቱ ናት፣ ፊደል የቆጠረችዋ። ደብዳቤውንም የምትጽፍለት፣ ያንቺንም የምታነብለት እሷው ናት» አለ።

ደብዳቤህን እንደገና አነበብኩት። «ያላንቺ ሌሊቱ አይነጋልኝም» ይላል። ደምለው፣ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ካፍህ የወጣው ትልቁ የፍቅር ቃል «ዛሬ ወጡ ጨው አልበዛበትም» ነበር። ይህን ከየት አመጣኸው? አንተ ካልከው፣ አፍ ለአፍ የነገርከው ለእሷ ነው። እሷ ከጨመረችው ደግሞ ሌሊቱ አልነጋ ያላት እሷን ነው። የቱም ቢሆን አናደደኝ።

ይህንንም የምታነብልህ እሷ መሆኗን አውቄ ነው የምጽፈው። ታንብበው።

ዝናር ታጥቃ ከወንድ እኩል ትተኩሳለች አሉ። ሳንጃ ከተማ በሠርግ ስሟን አንሥተው ዘፍነውላታል። እኔን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የጣልያን ገረድ ብለው ፊታቸውን ያዞሩብኛል። «እዚያው ሁኚ፣ ጆሮሽ ያስፈልገናል» ያልከኝ አንተ ነህ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። እንዶድና አመድ እጄን ልጦታል። ጉልበቴን ብታየው የግመል ነው የምትለው። ጠመንጃ የያዘችዋ ካንተ ጋር እሳት ትሞቃለች፣ ባልዲ የያዝኩት እኔ ስፌቷን አያለሁ። ቀንቻለሁ። ቅናት ነውር ነው ቢሉም ቀንቻለሁ።

ከዚህ የሚብሰውን ግን ገና አልጻፍኩም። የጦሩን ወሬ የሰማሁት ዛሬ አይደለም፣ ሰኞ ምሳ ላይ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ኸሊል ስልቻውን አስረክቦኝ፣ የታይቱን ነገር ነግሮኝ፣ «አሁኑኑ ወደነሱ ልመለስ ነው፤ የምትልኪው አለ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። ነገ ሌላ ሰው አገኛለሁ አልኩ ለራሴ። ማክሰኞም ሰው አልፈለግሁም። ወለሉን ስፈትግ የማስበው እዚያ ስላላችሁት ሠላሳ ሁለት ነፍስ አልነበረም። የማስበው ስለ አንዲት ሴት ነበር።

ዛሬ ጧት ወታደሮቹ በቅሎ ሲያዘጋጁ ሳይ ባልዲውን ጥዬ ወደ ኸሊል ወንድም ወደ ዓሊ ሮጥኩ። ሳላርፍ ከጋለብኩ ዓርብ ማታ እደርሳለሁ ብሏል። ሁለት ቀን ሰረቅሁባችሁ፣ ደምለው። ልመልሰው ብል አልችልም።

ታይቱ፣ ይህ ደግሞ ላንቺ ነው። ቀኝ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ዳገት አይሆንለትም። አልደከመኝም ቢልሽ አትመኚው። ከሌሎቹ ቀድመሽ አስነሺው፣ አንቺም አብረሽው ውጪ። ወደኋላ ቀርተሽ አትተኩሺ። ስለ ሰኞ የጻፍኩትን ብታነቢለት እውነት ነው፤ ብታልፊውም እሱ አያውቅም። እኔ በእጅሽ ነኝ።

ጊዮርጊስ ሁላችሁንም ከቅዳሜ ያውጣችሁ። አንብባችሁ አቃጥሉት።

አየሁሽ