የጥያቄ ክፍሉን የከፈቱት እታለም

ቤተሰቡ "እታለም" የሚላቸው፣ ኋላም በብዙ አገር ያሉ ነርሶችና የካርድ ክፍል ሠራተኞች በዚሁ ስም የጠሯቸው እናታችን፣ ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1956 ዓ.ም. ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። ገና ፊደል ሳይቆጥሩ የእናታቸውን ደንበኞች የልብስ ልክ በቃላቸው ይይዙ ስለነበር፣ "የእትዬ ወገብ አምና ከዚህ ያንስ ነበር" እያሉ ሰው ያስቀይሙ እንደነበር ታላቅ እህታቸው ይናገራሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ካጠናቀቁ በኋላ የአንድ ዓመት የጤና ረዳትነት ኮርስ ወስደው በ1976 ዓ.ም. በሆስፒታል ካርድ ክፍል ተቀጠሩ። ክፍሉ መስኮት አልባ ነበር፤ መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል፣ መሰላሉ ሦስተኛ እርከኑ የለም። እታለም በዚያ መሰላል ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ወጡ፣ ወረዱ፤ አንድም ቀን አልወደቁም። በ1979 ዓ.ም. ከከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ታናሽ እህታቸው በሞት ስትለይም የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጇን ወስደው እንደ ሦስተኛ ልጃቸው አሳደጉ።

በ1994 ዓ.ም. የሕይወታቸውን መንገድ የቀየረ ነገር ደረሰ። በአንድ ቀን የተወለዱ መንትዮች ካርዳቸው ተቀላቀለና አንደኛው ሁለት ጊዜ ሲከተብ ሌላው ሳይከተብ ቀረ። ያልተከተበው ታመመ፤ በመከራ ተረፈ። ሆስፒታሉ ስብሰባ ጠርቶ፣ ቃለ ጉባኤ ጽፎ፣ ጉዳዩን በመሰላሉ አሳበበ። እታለም ግን ከዕቃ ግምጃ ቤት የተጣለ ኮምፒውተር ለምነው ወደ ቤት አመጡ። ማንም አላስተማራቸውም። ከሥራ ሲመለሱ በአንድ እጃቸው ወጥ እያማሰሉ በሌላው የተቀደደ የኮምፒውተር መጽሐፍ ይዘው፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ለትንንሽ ክሊኒኮች የሚሆን የሕሙማን መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠሩ። ሽጡት ቢባሉ፣ "ካርዱ የበሽተኛው ነው፤ የሰው ንብረት ምን ብዬ ልሽጥ?" አሉና ኮዱን ማንም አይቶ፣ ቀድቶ፣ አሻሽሎ እንዲጠቀምበት በኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርገው አስቀመጡት።

በ2003 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሳይደርስ በፈቃዳቸው ጡረታ ወጥተው በዚያው በኢንተርኔት ላይ "የጥያቄ ክፍል"ን ከፈቱ። ሶፍትዌሩ ያስቸገረው የካርድ ሠራተኛ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመልሳል። ዋናው ሕጋቸው ይህ ነበር፦ የቆየው ጥያቄ ሳይመለስ በሶፍትዌሩ ላይ አዲስ ነገር አይጨመርም። እያንዳንዱን ጥያቄና መልስ በቁጥር በደብተር ይገለብጡ ነበር። "ኢንተርኔት ላይ አለ እኮ" ሲባሉ፣ "መብራትም አለ ይባል ነበር" ይሉ ነበር። ጥያቄ ቁጥር 412፣ መንትዮችን ሲመዘግቡ ሶፍትዌሩ "ይህ ሰው ተመዝግቧል" ብሎ ሁለተኛውን ሕፃን እንቢ ሲል ምን እንደሚደረግ ነው። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ የወሊድ ተራ የሚለውን ቦታ መሙላት። ባለቤታቸው፣ "እኔ ያገባሁት አንዲት ሴት፤ ቤቴ የገባው ሦስት መቶ ሰው" እያሉ ይቀልዱ ነበር። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅም ዩኒቨርሲቲ በር ሳትረግጥ ኮድ መጻፍ የተማረችው ከዚያው ክፍል ነው፤ ዲግሪ የደረደሩ ሰዎች ያበላሹትን ዛሬም ታቃናለች።

በጥያቄ ክፍሉ ዙሪያ የተሰባሰበው ማኅበር ሌላ ደንብ ደግሞ ይህ ነበር፦ የቀረበ ሐሳብ ሰባት ቀን ሙሉ ተቃዋሚ ካጣ እንደጸደቀ ይቆጠራል።

በ2015 ዓ.ም. ኩላሊታቸው መድከም ሲጀምር እታለም አመራሩን ለማስረከብ ፈለጉ። ከአሥር ወር በፊት ማኅበሩን የተቀላቀሉ፣ በየዓረፍተ ነገሩ ራዕይ ስለሚሉ አባላቱ "አቶ ራዕይ" ያሏቸው ሰው፣ የሠላሳ አራት ገጽ የርክክብ ሰነድ ጽፈው ራሳቸውን በኃላፊነት አጩ። እኚህ ሰው እስከዚያች ቀን ድረስ አንድ ጥያቄ እንኳ መልሰው አያውቁም። ሰነዱ ተለጠፈ፤ ሰባቱ ቀን መቆጠር ጀመረ።

ማንም አልተናገረም። ከአባላቱ አንዷ፣ ተራራ ላይ ያለች የአንዲት ክሊኒክ ነርስ፣ "እታለም ከፈለጉት እኔ ማን ነኝ?" ብላ ዝም አለች። ከሁሉ የቆየው የኮድ ጸሐፊ ነገር አልወድም ብሎ ዝም አለ። የእህታቸው ልጅ "ቦታውን ፈልጋ ነው" እንዳይሏት ኮርታ ዝም አለች። እታለም ራሳቸው ደግሞ፣ ኋላ እንደተናገሩት፣ "ልጆቹ ዝም ካሉ ወደውታል ማለት ነው፤ የአሮጊት ምቀኝነት እንዳይመስልብኝ" ብለው ዝም አሉ። በስምንተኛው ቀን ጸደቀ። ሌላው ሰው ሌባ ቤቱን ሲሰብር ይጮኻል፤ ይህ ማኅበር በይሉኝታ በሩን ራሱ ከፍቶ "ይግቡ፣ ኧረ ይግቡ" አለ።

ርክክቡ በቪዲዮ ስብሰባ ሁለት ሰዓት ፈጀ። እታለም የይለፍ ቃሉን ሲያስረክቡ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "የቆየውን ጥያቄ ሳትመልሱ አዲስ ነገር አታስገቡ።" አቶ ራዕይ፣ "በጣም ጥሩ ግብዓት ነው" ብለው ወደሚቀጥለው ገጽ አለፉ።

ከዚያ የሆነውን ለመጻፍ ብዕርም ይጸየፋል። መጀመሪያ ዓርማው ተቀየረ። ቀጥሎ የአመራሩ አባላት እርስ በርስ የተሸላለሙበት ጉባኤ ተደረገ፤ ፎቶው ላይ አሥራ አራት ሰው ቆሟል፣ ካርድ ክፍል ገብቶ የሚያውቅ አንድም የለም። ቀጥሎ "ለጽዳት" ተብሎ የአሥራ ሁለት ዓመት ጥያቄና መልስ ከኢንተርኔት ተነሣ። ጽዳት! የሰው ላብ ቆሻሻ ሆኖ መጠረጉ ነው። አዲስ የጠየቀ ሁሉ "ጥያቄዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው" የሚል መልስ ከማሽን ይደርሰዋል፤ ሰው ግን አይመልስለትም። የተራራው ክሊኒክ ነርስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠብቃ፣ ማሽኑን "አንተም ለእኔ ትልቅ ዋጋ አለህ" ብላው ወደ ወረቀት ካርድ ተመለሰች። እታለም ይህን ሁሉ አዩ፤ ደብተራቸውን ከሳጥን አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ያስቀምጡ ነበር እንጂ አልተናገሩም።

በ2017 ዓ.ም. ሕመሙ ስለጠናባቸው በሳምንት ሁለት ቀን ለኩላሊት እጥበት ይመላለሱ ጀመር። በየካቲት ወር፣ ተራቸውን አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ በካርድ መስኮቱ ፊት ሁለት ሕፃናት የታቀፈች እናት ስታለቅስ አዩ። ያው እርሳቸው የሠሩት ሶፍትዌር ሁለተኛውን ሕፃን አልመዘግብም ብሏል፤ ሠራተኛዋም ነገ ተመለሽ ብላታለች። እታለም የልጃቸውን ክንድ ይዘው ተነሡና በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡ። ሠራተኛዋ፣ "እማማ፣ ይሂዱ ይቀመጡ፣ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው" አለቻቸው። "እሺ የኔ ልጅ፣ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ብቻ የወሊድ ተራ የምትለዋን ሁለት በያት" አሉ። አለቻት፤ ሕፃኑ ተመዘገበ። ሠራተኛዋ ደንግጣ የት እንደተማሩ ስትጠይቃቸው፣ "መሰላል ላይ" ብለው ተመለሱ። ቤት ገብተው ግን አለቀሱ። ለራሳቸው አልነበረም። "መልሱ እኮ ነበረ፤ እኔው ነኝ አሳልፌ የሰጠሁት" አሉ።

መጋቢት 9 ቀን አቶ ራዕይ የጥያቄ ክፍሉ ለዘለቄታው እንዲዘጋ ሐሳብ አቀረቡ። እታለም አልጋ ላይ ሆነው ስልክ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰባቱ ቀን ሳያልፍ፣ አንዲት ቃል ጻፉ፦ "አልስማማም።" ከዚያም የእህታቸውን ልጅ ጠርተው ደብተሮቹን ሰጧት። አሥራ አራት ናቸው።

መጋቢት 11 ቀን ማለዳ፣ በስድሳ አንድ ዓመታቸው፣ በቤታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። በዚያው ዕለት ማታ አቶ ራዕይ ባለ ጥቁር ጥብጣብ የሐዘን መግለጫ አወጡ። "የማኅበራችን እናት" ብለው ጀምረው፣ በመጨረሻው መስመር ላይ፣ ተቃዋሚዋ በሕይወት ስለሌሉ ተቃውሟቸው አብሯቸው እንዳረፈ አስታወቁ። በር ላይ ያለው ትልቁ የአበባ ጉንጉን፣ አዲሱ ዓርማ ያለበት፣ ከአቶ ራዕይ የተላከ ነው።

እታለም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ያሳደጓትን የእህታቸውን ልጅ፣ ታላቅ እህታቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ስማቸውን የማናውቃቸውን ብዙ ሕሙማን፣ ከነዚያም በ1994 ዓ.ም. ካርዳቸው የተቀላቀለውን ሁለቱን መንትዮች፣ ትተው አልፈዋል።

ዛሬ ሐሳቡ ከቀረበ አምስተኛው ቀን ነው። የእህታቸው ልጅ ዛሬ ጠዋት፣ ከሁለት ዓመት በፊት መጻፍ የነበረባትን፣ "አልስማማም" ብላ ጽፋለች፤ እርሷ ደግሞ በሕይወት አለች። ከደብተሮቹም የመጀመሪያውን መልሳ ለጥፋለች። እዚህ የቆማችሁ፣ በስልክም ከሩቅ የምትሰሙ የማኅበሩ አባላት፣ ለመናገር ሁለት ቀን ቀርቷችኋል።

ስለዚህ ቤተሰቡ አንድ ነገር ይለምናል። በቀብር ላይ ለአንድ ደቂቃ ዝም ማለት የተለመደ ነው፤ ለእታለም ግን እባካችሁ ማንም ዝም አይበል። በርክክቡ ጊዜ ሰባት ቀን ሙሉ ዝም ብለንላቸዋል፣ ይበቃል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ካርድ በማይጠፋበት፣ ጠያቂ ሳይመለስለት በማያድርበት ቤቱ ይቀበልልን። አሜን።