የቀረው ዋንጫና ያንተ ተዝካር

የልጆቼ አባት ሞገስ፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው። ደህና ነን ልበልህ፣ ይህም ደህና ከተባለ። ክረምቱ ዘንድሮም አላማረም፤ ገብሱ ሳያፈራ ደረቀ። የስፌት ሱቅህን ልጅህ አበባ ይዛዋለች። ከደሃና ወረዳ የሚመጡት ደንበኞችህ በገበያ ቀን ብቅ ይላሉ፣ ሬዲዮው ዝም ስላለ ግን ቶሎ ይሄዳሉ።

እኔም የምከፍትበት ልብ የለኝም። ያ የምትወደው የኳስ ውድድር፣ የአፍሪካ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ ከቀረ ወዲህ አንተም ብዙ አትከፍተውም ነበር። ተማሪ ሳለሁ የተጀመረ ነው እያልክ እንደ እኩያህ ነበር የምታየው። ስሙን ጠርተህ እስክትጨርስ ሻዩ ይቀዘቅዛል እያልኩ እስቅብህ ነበር። ወንድምህ ወልዴ የሊግ ሻምፒዮኖቹ ዋንጫ ይበልጣል ሲል፣ አንተ የለም ስትል፣ ገበያው ሁሉ ይሰማችሁ ነበር። ሊጉ ያልቀናው ክለብ አገሩ ላይ የጥሎ ማለፉን ዋንጫ ካሸነፈ ከአገር ወጥቶ ይጫወታል፤ ለደካማ በር የሚከፍተው ይሄ ነው ትላለህ። የአገራችን ክለቦች ቶሎ ወድቀው ሲመለሱ እንኳ ተስፋ አትቆርጥም። በኋላ፣ ያንን ዋንጫህን በየሊጉ ሁለተኛ የወጡት ከሚጫወቱበት ዋንጫ ጋር ቀላቅለው አዲስ ስም ሲያወጡለት፣ ሥራህን አቁመህ ቤት ገባህ። "ጨዋታው አለ ይሉኛል፤ ስሙ የት አለ?" አልከኝ። ለኳስ እንዲህ ይኮናል ወይ ብዬ ተቆጣሁህ።

ዘንድሮ ገባኝ። ወልዴ አንተ በሞትክ በሁለት ወሩ ተከተለህ። አጎታችሁ አባ ገብሬ ሽማግሌ ይዘው መጡና፣ እህል የለም፣ የሁለቱ ተዝካር ባንድ ቀን ይውጣ አሉ። የሞተ አይጣላም፣ አንድ ድግስ ይበቃቸዋል አሉኝ። የወልዴ ሚስትም ጎተራዋ ባዶ ነው፤ ምን ልበል? ያንተን ለብቻው ላወጣ ዓመቱን ሙሉ ስለፋ ከርሜ የጠላውን እህል እንኳ ማሟላት አቃተኝ። ፊታቸው አለቀስኩ። ከዚያ እንዲህ አልኳቸው፦ "አባ፣ ድግሱ አንድ ይሁን። ስማቸውን ግን በጸሎቱ ለየብቻ ይጥሩልኝ።" እሺ አሉ።

ተዝካራችሁ እሑድ ነው። ሰው በልቶ ጠጥቶ የወንድማማቾቹ ተዝካር ብሎ ይሄዳል፤ ልጆቹም እንደዚያው ይለምዱታል። ደክሞኛል ሞገስ፤ ከማንም ጋር የምከራከርበት አቅም የለኝም። ብቻ በሕይወት እስካለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን በተሳለምኩ ቁጥር ስምህን ለብቻው እጠራለሁ። ቀጥዬ የወልዴን፣ የእሱንም ለብቻው።