«የተጣራ» የምትለዋ ቃል

ለተወደድከው ወንድሜ ለኤቫሪስቶ፣

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር እንድትረዳልኝ እፈልጋለሁ። የልጅህን የቂጣ ሱቅ መዘጊያው አፋፍ ላይ ያደረሰው የእሱ ስንፍና አይደለም፤ የኪራይ መወደድና የእኔ ስህተት ነው። ይህን ካወቅህ የቀረውን በትዕግሥት ታነብልኛለህ።

እንደምን ከርመሃል? ብርድ በገባ ቁጥር የሚነሳብህ ቁርጥማት ተሻለህ? ባለቤትህ ኤልቪራስ ከዓይኗ ሕክምና በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ቻለች? በቆሎው እንዴት ያዘላችሁ? እኔ በጤና በኩል ደህና ነኝ።

ባለፈው ስትደውል፣ «እትዬ፣ አንቺ እንደሆነ የራስሽ ቤት አለሽ፤ የሱቅ ኪራይ ቢወደድ ባይወደድ ምን አገባሽ?» ብለኸኝ ነበር። አሁን በተራ ላስረዳህ። ልጅህ ሊሳንድሮ ኪራይ ሲጨመርበት የቂጣውን ዋጋ ጨመረ። ጸጉሬን የምትሠራልኝ ሴት ጨመረች፤ ጫማ ጠጋኙም ጨመረ። መድኃኒት ቤቱ ጭራሽ ሰፈሩን ለቆ ስለሄደ ለደም ግፊት ኪኒኔ ሁለት አውቶቡስ እይዛለሁ። ለማንም ኪራይ የማልከፍለው ሴትዮ የመንገዱን ሁሉ ኪራይ በየቀኑ ከቂጣው ጋር እበላዋለሁ። ጡረታዬ ግን ያው ነው።

ወደ ስህተቴ ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት ሕንፃው ሲሸጥ አዲሱ ባለቤት የአምስት ዓመት ውል አቀረበ። ሊሳንድሮ ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ «አክስቴ፣ የእንግሊዝኛውን ጉድ የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ አንብቢልኝ» አለኝ። እርሳስ ይዤ፣ እንደ ፈተና ወረቀት መስመር በመስመር ሁለት ቀን አነበብኩት። ኪራዩ «የተጣራ» ይላል። እኛ የተጣራ ደመወዝ የምንለው ተቆራርጦ ያለቀለትን፣ ከዚያ ወዲያ ማንም የማይነካውን ነው። ስለዚህ፣ «ልጄ፣ ይኸው የመጨረሻው ነው፤ ሌላ አይጠይቁህም፤ ፈርም» አልኩት። ለካ የተጣራው ለአከራዩ ነው። የሕንፃው ግብር፣ መድኑ፣ የጣሪያው ጥገና ሁሉ በተከራዩ ላይ ነው። በመጨረሻው ገጽ ላይ ተዘርዝሮ ነበር፤ ባለቤቱ የሚከፍለው መስሎኝ አለፍኩት። ሠላሳ አራት ዓመት ልጆችን «ቃሉን ከነአገባቡ አንብቡ» እያልኩ የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሰፈሩ በተወደደ ቁጥር ግብሩ ይጨምራል፤ የግብሩ ደብዳቤ ለሊሳንድሮ ይመጣል። ዛሬ የሚከፍለው የድሮውን እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። መጀመሪያ ምርቃቱን ተወ፤ ለአንድ ደርዘን ሁለት ቂጣ ይመርቅ ነበር። ከዚያ ዋጋ ጨመረ። ጎረቤቴ እማማ ቾሌ ሰው በተሰለፈበት፣ «አንተ ልጅ፣ ቂጣ ነው ወርቅ የምትመዝነው? እኔ እኮ ልበላው እንጂ ላጠልቀው አይደለም» አለችው። ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እሷ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከትልቁ መደብር በላስቲክ የታሸገውን ትገዛለች፤ አልፈርድባትም። ገዢ ሲቀንስ ዋጋ ጨመረ፤ ሲጨምር ሌላው ሄደ። አሁን የበቆሎ ወፍጮውን የሚያስነሳው በሳምንት ሦስት ቀን ነው።

ባለፈው እሑድ ሱቁ ሄጄ ቃሉን እንደተሳሳትኩ ነገርኩት። ሊጡን ማቡካቱን ሳያቋርጥ፣ «አውቃለሁ አክስቴ፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ የመጣ ቀን ነው ያወቅኩት። ምን ልበልሽ ታዲያ?» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ቤቴን አስይዤ ልክፈልልህ ስለው፣ «በስተርጅናሽ መንገድ ላይ ልጥልሽ ነው እንዴ?» አለኝ። ቀጥሎም፣ «አባባ የወንዝ ዳሯን ማሳ ይሸጥልኛል፤ እኔ ጠይቄው እምቢ አይልም» አለ።

እምቢ እንደማትለው እኔም አውቃለሁ፤ የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ማሳዋን አትሽጥ። እናንተ የምትበሉት ከእሷ ነው። ዋጋዋ ቢበዛ አንድ ዓመት ያቆየዋል፤ ውሉ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ግብሩም አይቆምም። በየትም በኩል ባሰላው ሱቁ አይተርፍም። ልጅህን አሳልፌ የሰጠሁት ቢመስልህ እንኳ፣ አንድ ጊዜ ቃሉን ተሳስቼ አስፈርሜአለሁና ሁለተኛ ዝም ብዬ አላይም።

ኤልቪራን ዓይኗን ሳምልኝ። ልጅህን ናታሊያንና መንታዎቿን ሰላም በልልኝ፤ የንባብ መጽሐፋቸውን ልኬላቸዋለሁ። አጎታችን ሲክስቶ ጆሮው ስለከበደ ጮክ ብለህ ሰላምታዬን ንገርልኝ።

ሊሳንድሮ በወሩ መጨረሻ ይደውልልሃል። እሺም ትበለው እምቢ፣ ከዚያ በፊት ቁርጥህን ጽፈህ ቶሎ መልስልኝ።

እህትህ ኦፊሊያ
ቺካጎ፣ ፒልሰን ሰፈር
ኖቬምበር 9 ቀን 2023