ለኦምቡ የምትበቃ መኪና

ማርች 4
ነፋስ። ዛሬም። የትናንቱን ሩዝ አሙቄ በላሁ፣ ግማሹን ለኦምቡ። ጋዜጣው ገጽ ሦስት ላይ ሁለት የፊደል ስህተት። ከአራሚነት ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆነኝ፤ ዓይኔ ግን አላረፈም።

ከሰዓት በኋላ ኦምቡ የደጃፉን ሦስት ደረጃ መውጣት አቃተው። ሁለተኛው ላይ ቆመና ዘወር ብሎ አየኝ። እንደማፈር ብሎ። ውሻ ያፍራል እንዴ? የኋላ እግሮቹን አቅፌ አነሳሁት። አርባ ስምንት ኪሎ። ወገቤ...

ማርች 6
የእንስሳት ሐኪሟ ዘንድ። ወጣት ናት፣ ረጋ ብላ ነው የምታወራው።

«ጋሽ አንሴልሞ፣ ዳሌው ነው። ወደቡ አጠገብ ውሾችን በሞቀ ውሃ የሚያዋኙበት ቤት አለ። በሳምንት ሁለቴ፣ ማክሰኞና ዓርብ። ኤፕሪል ሳይጋመስ ካልጀመረ የኋላ እግሮቹን እናጣቸዋለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስለ ሌላው ነገር እንነጋገራለን።»

ሌላው ነገር። ስሙን አልጠራችውም። እኔም አልጠራሁትም።

ወደቡ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። አውቶቡስ ኦምቡን አያስገባውም። ሦስት ታክሲ ደወልኩ። አንዱ «ውሻ ነው ጥጃ?» ብሎ ዘጋብኝ። የራሴን መኪና የሸጥኳት ዴሊያ ስትታመም ነው። ኦምቡን ከመንገድ ዳር አንስታ ያመጣችው እሷ ናት፤ ያን ጊዜ ጫማ ሳጥን ውስጥ ይገባ ነበር። ሚስቴ ሄደች፣ ውሻዋ ቀረ። አሁን እሱም...?

መኪና መግዛት አለብኝ።

ማርች 7
በዴሊያ የስፌት ሜትር ለካሁት። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር 118 ሴንቲ ሜትር። እስከ ትከሻው 74። ተጋድሞ ሲዘረጋ ግን አላወቅሁም፤ ሜትሩን አፉ ውስጥ አስገባው።

አቅሜ ትንሽ መኪና ነው። ውሻዬ ትልቅ ነው። ይኸው ነው ችግሩ፤ በሁለት መስመር ያልቃል።

ማርች 11
ፌርሚን መጣ። የዴሊያ ታናሽ ወንድም። ሞተር አውቃለሁ ይላል፤ ቢያንስ ክዳን ይከፍታል። ሦስት መኪና አየን።

ቀይዋ ሁለት በር ብቻ ናት። ባለቤቷ «የፊቱን ወንበር ማጠፍ ነው እኮ!» አለችን። አጠፍን። ኦምቡ ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። ሩብ ሰዓት ፈጀብን እሱን ለማውጣት። ሴትዮዋ እየሳቀች ጎረቤት ጠራች።

ሰማያዊዋ ጥሩ ነበረች። የኋላ ክዳኗን ስንከፍት የጋዝ ሲሊንደር። ነጭዋም ሲሊንደር። አቅሜ የሚችላቸው ሁሉ በጋዝ የሚሄዱ ናቸው፤ ሲሊንደሩ ደግሞ የሚቀመጠው ልክ ኦምቡ መተኛት ያለበት ቦታ ላይ።

«ታዲያ ጋዙን አስወጣው፣ ቤንዚን ግዛ» አለ ሻጩ።

«በዚህ ዋጋ ቤንዚን ከሚገዛ ውሻውን አዝሎ ቢሄድ ይሻለዋል» አለ ፌርሚን።

ሲሊንደሩ ከተነሳ ምን ያህል ቦታ እንደሚተርፍ ለማየት ነጭዋ ውስጥ ገብቼ ተጋደምኩ። ጉልበቴን አጥፌ። ፌርሚን ከላይ ሆኖ ያየኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ መኪና ነው የምትገዛው ወይስ የሬሳ ሳጥን?»

ሳቅኩ። መውጣት አቅቶኝ እጁን ሰጠኝ። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ኦምቡ አስራ አንድ ዓመቱ ነው እኮ። እህቴም ብትሆን ይብቃው ትል ነበር» አለኝ።

ትል ነበር? አላውቅም። ብትልስ ብዬ ፈራሁ።

ማርች 15
ሁለት ሌላ። ሁለቱም ሲሊንደር።

ማርች 18
ኦምቡ ዛሬ ደረጃውን ለመውጣት አልሞከረም። ከታች ተቀምጦ ጠበቀኝ። እንደ ደንብ ይዞታል።

ማርች 21
ምን ዓይነት ቀን ነው።

ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ግራጫ ትንሽ መኪና። ጣሪያዋ ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ቆሟል። የሚሸጥ መኪና ማለት ነው፤ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። በዚህ ነፋስ ባዶ ጠርሙስ ስለማይቆም ሁሉም ውሃ ሞልቶ ያቆማል። በመስኮት ብመለከት የኋላ ወንበር የለም! ተነቅሎ ወጥቷል። ዝርግ ወለል። ሲሊንደር የለም። የኋላ በሯ አልተቆለፈም፤ ከፈትኩ። ከመሬት እስከ ወለሉ 52። የወለሉ ርዝመት 121። ሜትሩን ሁለቴ ዘረጋሁ፣ አላመንኩም። ዱቄት ዱቄት ይሸታል። ኦምቡ የፊት እግሮቹን ወለሉ ላይ ሰቀለ። ራሱ! ማንም ሳያስገድደው።

«ሌባ! ውሻ ይዞ የሚሰርቅ ሌባ!»

አሮጊት ሴት። ዳቦዋን እንደ ዱላ ይዛዋለች።

«እትዬ፣ ይቅርታ... የሚሸጥ መስሎኝ...»

«ማን ነው የሚሸጥ ያለህ?»

ጠርሙሱን አሳየኋት። ቀና ብላ ዓይኗን አጥብባ አየችው። በጣም አጠበበች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። ዳቦዋን ዝቅ አደረገች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስንት ነው፣ ስንት ነው ይለኛል» አለች፣ ለእኔ አይደለም። «ኤቫሪስቶ ነው። የገዛ ልጄ።»

ጠርሙሱ ጋ እጇ አልደረሰም። እኔ አወረድኩላት።

ማርች 23
ስሟ አዙሴና ነው። ሠላሳ ዓመት በዚያች መኪና ትኩስ ፓስታ ስታከፋፍል ኖራለች፤ ወንበሩን ያስነቀለችው ለትሪዎቹ ነው። ይህን የነገረኝ ዳቦ ጋጋሪው።

በዚያ በኩል አለፍኩ። ጠርሙሱ ተመልሶ ጣሪያው ላይ አለ። አወረድኩና ደጃፏ ላይ አቆምኩት። ለምን? ምን አገባኝ?

ማርች 24
ዛሬም ነበረ። ዛሬም አወረድኩ። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አየሁ።

ማርች 26
ልጁ ያዘኝ። እጄ ጠርሙሱ ላይ እንዳለ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

ቁጡ ሰው ይሆናል ብዬ ነበር። አይደለም። የደከመው ሰው ነው። እንደኔ። እናቱ ባለፈው ወር ከነመኪናዋ የጎረቤት አጥር ላይ ወጣች። ቀይ መብራት ሁለቴ አለፈች፤ አላየችውም። ሐኪም እንዳትነዳ ከልክሏታል። «ሽጪያት ስላት አትሰማም። ገዢ ደጇ ድረስ ቢመጣ ልቧ ይቆርጣል ብዬ ነው። ልቅበራት ይሻላል?»

እውነቱን ነው።

ከዚያ ኦምቡን አየው። የኋላ እግሩ ሲንቀጠቀጥ አየ። ድምፁ ተለወጠ።

«መኪና ፈልገው ነው አይደል? ለእሱ ከሆነ በፈለጉት ዋጋ ይውሰዷት። ወረቀቷ በእናቴ ስም ነው። እርስዎን ትሰማለች፤ ያ ባለ ውሻ ጨዋ ሰው ነው እያለች ነው። ያሳምኑልኝ።»

ጨዋ ሰው።

ርዝመት 121፣ ከፍታ 52። ነገ ጠዋት የኔ ልትሆን ትችላለች። ዓርብ ኦምቡ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ...

ማርች 28
ሁለት ቀን አልወጣሁም። ዛሬ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ። የምናገረውን በቃሌ ይዤ ነበር። ሌላ ነገር ተናገርኩ።

«እትዬ አዙሴና፣ ልጅዎ እርስዎን አሳምኜ እንድገዛት ጠይቆኛል። እኔም እፈልጋታለሁ። ስለዚህ ምክሬን አይስሙ። አሁን ጠርሙሱን ሳወርድ እንኳ በዓይኔ እየለካኋት ነበር።»

ረጅም ጊዜ አየችኝ። ወይም ወደ እኔ አቅጣጫ አየች።

«አጥሩ ላይ ስወጣ አጥሩን አላየሁትም» አለች። «ለኤቫሪስቶ ግን አይቼዋለሁ ብዬዋለሁ። ፍሬን እንቢ አለኝ ብዬ።» ከዚያ፣ «ነገ ቀኑ 29 ነው። ከነውሻህ ና።»

ማርች 29
በየወሩ በ29ኛው ቀን ኞኪ ይበላል፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። የድንች ሊጥ፣ በቀይ ስጎ። ከሳህኑ ሥር ለገድ ገንዘብ ይቀመጣል። ዴሊያ ከሞተች ወዲህ በ29 ኞኪ አልበላሁም።

ኤቫሪስቶም ነበር። ከእናቱ ጋር አይነጋገሩም፤ አይብ ግን ይቀባበላሉ። ኦምቡ ከጠረጴዛው ሥር ተጋድሞ የሦስታችንንም እግር ያዘ።

ሳህኔ አልተረጋጋም። አንድ ጎኑ ከፍ ብሏል። ብሩ ምን ያህል ቢወፍር ነው ብዬ አነሳሁት።

ቁልፍ።

«አልሸጥኩልህም!» አለች ቶሎ ብላ። «እንዳትሳሳት። የኔ ናት። ማክሰኞና ዓርብ አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ፊት እቀመጣለሁ፣ ያ ጥጃህ ከኋላ። ረቡዕ ገበያ ትወስደኛለህ። ሌላ ቀን ቁልፉ አንተ ቤት ይደር፣ እኔ ቤት እንዳያድር። ገባህ?»

ኤቫሪስቶ ሹካውን አስቀመጠ።

«እማዬ፣ ቁልፉን አንቺው...?»

«ዝም ብለህ ብላ። ጠርሙስ እያቆምክ ገድለኸኛል።»

ይህን ስትል ግን ከራሷ ሳህን ጨመረችለት።

ስድስት ዓመት መሪ አልያዝኩም። ይህን አልነገርኳቸውም። መናገር ነበረብኝ?

ማርች 31
ዓርብ። በሦስተኛ ማርሽ ከዚህ እስከ ወደቡ። አዙሴና ሁሉንም ነገር ታዘኛለች፤ የማታየውንም ሁሉ። «ፍሬን! ፍሬን በለው!» «እትዬ፣ የዛፍ ጥላ ነው።» «ለጥላም ቢሆን ፍሬን ይያዛል!» ኦምቡ ወለሉ ላይ እንደ ልቡ ተዘረጋ። 140 ነው ለካ፣ ሲዘረጋ። አገጩን በሁለታችን ወንበር መሃል አሳለፈና ትከሻዋ ላይ አሳረፈው። «ከባድ ነው» አለች። አላነሳችውም።

ውሃው ውስጥ እግሮቹ ተንቀሳቀሱ። የሚያዋኘው ሰውዬ፣ «መሮጥ አይመለስለትም፤ ያለውን እንጠብቅለታለን» አለ። ያለውን መጠበቅ። እሺ። እሱም ሥራ ነው።

ኤፕሪል 4
ሁለተኛው ዋና። ከባድ ነፋስ። ስንወጣ ኦምቡ አለከለከ። አዙሴና ከወንበሯ ሥር ያን ጠርሙስ አወጣች። ክዳኑን በጥርሷ ከፍታ መዳፏ ላይ እየቀዳች አጠጣችው። ግማሹ ልብሷ ላይ ፈሰሰ።

ቤት ስንደርስ ደረጃው ሥር ቆመ። ሁለት ወጣ። ሦስተኛው ላይ እኔን ጠበቀ። አነሳሁት። ወገቤ...

ባዶው ጠርሙስ እኔ ቤት ቀርቷል። ለዓርብ ሞልቼ በሩ ሥር፣ ከቁልፉ አጠገብ አቆምኩት።