በስሜ የቆመው ጫካ

ውዷ ልጄ ዙሌማ፣ እመቤታችን ከማድሪድ ብርድ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡ ብቻ አላባራም። ጫካው እንዲጠበቅ በስሜ ገንዘብ መስጠትሽን ስነግረው አባትሽ፣ «ሙዝ የማትተክይበት መሬት ምን ያደርግልሻል?» ብሎ ሳቀብኝ። ገንዘቡን የላክሽለት የጫካ ጥበቃ ማኅበር ግን ከብት አርቢዎች ሊመነጥሩት የነበረውን ጫካማ ኮረብታ እንዳንቺ ካሉ ሰዎች ባገኘው መዋጮ ገዛው። እሁድ ከአባትሽ ጋር ወደዚያ ወጣን። ጉሙ ውስጥ ቆመን ሳለ አንዲት ጦጣ ልጇን አዝላ ከላያችን ስትዘል የቅጠሉ ጤዛ አረጠበን። በሕልሜ መሰለኝ። አባትሽ ባርኔጣውን አወለቀና፣ «ኖርማ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፤ ሰው ቤት ነን» አለኝ። ዕድሜውን ሙሉ ዛፍ ሲጥል የኖረው ሰውዬ! አሁን፣ «ልጄ ስትመጣ እኔ ነኝ የምወስዳት» ይላል። እባክሽ፣ ጉልበቱ ሳይደክም ነይለት። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

እናትሽ ኖርማ