ጭረት ያልተገኘበት ዲስክ፦ የጋሽ ሰበቃ የሕይወት ታሪክ

ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ እውነት ነው። ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸው በማጋነኑ እንደሚታማ ያውቃል፤ ዛሬ ግን በአስከሬናቸው ፊት ይምላል፤ ቢዋሽ ምላሱ ይታሰር።

የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋሽ ሰበቃ እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ ወንድሙ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በጥር ወር 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም። ጎረቤቱ ሞቶ ተወለደ ብሎ ሊያለቅስ ተሰብስቦ ሳለ አስነጠሱ። እርሳቸው ከአንደኛ ክፍል እስከ ዩኒቨርሲቲ አንድም ጊዜ ሳይወድቁ ሲጨርሱ፣ ታናሽየው ከስምንተኛ ክፍል ጋር ተጣልቶ ቀረ።

በ1976 ዓ.ም. በብረታ ብረት ፋብሪካ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። ሥራቸው ጠንካራ የመቁረጫ ብረት በሴራሚክ ሲለበጥ በሰበቃ ምን ያህል እንደሚበላ መለካት ነበር። አተር የምታህል ኳስ ከተለበጠው ብረት በተሠራ በሚሽከረከር ዲስክ ላይ ትጫናለች፤ እርሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው ድምፅዋን ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ቤታቸው ምሳ እየበሉ ሰምተዋት፣ ኳሷ አልቃለች ቀይሯት ብለው ስልክ ደውለዋል።

በ1981 ዓ.ም. አንዲት የሒሳብ መምህርት አግብተው ከአራት ዓመት በኋላ ተለያዩ፤ ልጅ አልወለዱም። ለምን ሲባሉ፣ «አንድ ቀን እንኳ ተጋጭተን አናውቅም፤ እሱ ነው የጎዳን» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ኖሩ። አራቱ ወንበሮቻቸው እኩል እንዲያረጁ በየተራ ይቀመጡባቸው ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሴራሚኩ ውስጥ ግራፊን የተባለውን ስስ ካርቦን ቀላቅለው ሲሞክሩ ዲስኩ ሳይጫር ወጣ። አለቃው አጨበጨቡ፤ ለክፍሉ ሠራተኞች የእድገት ደብዳቤ ተጻፈ። በሦስተኛው ሳምንት ግን ጋሽ ሰበቃ ኳሷ ከሄደችበት መስመር ዳርና ዳር የራሳቸውን የአውራ ጣት አሻራ በማጉያ መነጽር አዩ። ዲስኩን ካጸዱ በኋላ በባዶ እጃቸው ይዘውት ኖሯል፤ ኳሷን ያንሸራተተው የጣታቸው ወዝ ነው። ሌላ ያየ አልነበረም፤ ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም። ራሳቸው ሄደው ተናገሩ። እድገቱ ተሰረዘ፤ ሰላምታውም አብሮ ቀረ። ኮሪደሩ ጫፍ ያለች ክፍል ተሰጥታቸው፣ ጓንት አጥልቀው፣ ስምንት ዓመት ያንኑ ፈተና ደጋገሙ። ሽፋኑ ያለ ወዝ፣ በደረቁም ሰበቃውን እንደሚችል የሚያምኑት እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጡረታ ሊወጡ አራት ቀን ሲቀራቸው ዲስኩ አርባ ሰዓት በደረቁ ተሽከረከረ፤ ጥፍር የሚይዘው ጭረት እንኳ አልነበረውም። የሚያሳዩት ሰው አጡ። ለታናሽ ወንድማቸው ደውለው፣ «አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ እንኳ አትቀልድብኝ። ናና በዓይንህ እይልኝ» አሉት። እሱም በታክሲ ደርሶ፣ ጓንት አጥልቆ አየና፣ «ጋሼ፣ ምንም የለበትም» አላቸው። ሁለቱም ሳቁ።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ዐረፉ። ከኋላቸው የቀረው አንድ ወንድም ነው። አምላክ ነፍሳቸውን ሰው በማይጠፋበት ቤት ያኑርልን።

ከላይ ከተጻፈው አንዲቱ ነገር የጸሐፊው ፈጠራ ናት። ያን ቀን በስልክ እመጣለሁ አላቸው እንጂ አልሄደም፤ እርሳቸውም ዳግም አልጠየቁትም። ዲስኩን ትናንት መሳቢያቸው ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘው። ጓንት አጥልቆ አየው።

እውነትም ምንም የለበትም።