ከአምስት አንዴ የምትመጣው ካርታ

አየነው፣

ደብረ ብርሃን ፖከር ስንጫወት ብረታህ፣ ካርታ ደበቅህ ብለህ በሰው ፊት ሌባ አልኸኝ። አራት ቀይ ልብ ይዤ፣ ያቺን ያሸነፈችህን አምስተኛ ልብ ስጠብቅ፣ ካላየኋቸው አርባ ስድስት ካርታዎች ዘጠኙ ልብ ነበሩ። ከአምስት አንዴ ይመጣል ማለት ነው እንጂ ጭራሽ አይመጣም ማለት አይደለም።

ትናንት እዚህ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር በለውዝ ተጫወትን። ሦስት ንጉሥ ይዤ ሳለ፣ ሙመድ የሚባል ባጃጅ ነጂ ያችኑ አምስተኛ ልብ ሲጠብቅ በመጨረሻ መጣችለት፤ አምስት ልብ ሦስት ንጉሥን ይበልጣልና ረታኝ። በዚህ ሰፈር የረታ የተረታውን ያጎርሳል። ለውዙን ፈልፍሎ አጎረሰኝና፣ «አቦ፣ ሂሳቡን ተወውና ብላ» አለኝ። ሽበቴን እያየ አንተ ቢለኝም አልተቆጣሁም።

እያኘክሁ ፊት ለፊቴ አንተን ፈለግሁ። በዚህ ሙቀት የናፈቀኝ የደብረ ብርሃን ብርድ አይደለም፤ ካርታ ከመጣልህ በፊት ጋቢህን ወደ ትከሻህ መመለስህ ነው።

ባለቤትህን ትርንጎን ሰላም በልልኝ። ቅዳሜ እገባለሁ፤ ወንበሬን ለማንም እንዳትሰጥ። ለውዝ ይዣለሁ፣ የረታ ያጎርሳል። ስለዚያ ነገር አንተም ይቅርታ እንዳትለኝ፣ እኔም ዳግመኛ አላነሳውም።

ጢሞቴዎስ